ገንዘብ ሲናድ ሰዓሊዎቹ ማንን ሳሉ?

ሰሞኑን ማታ ማታ የድሮ የስላቅ ስዕል ሳይ ነው የማመሸው፣ የገንዘብ ቀውስ በተነሳ ቁጥር አውሮፓ ውስጥ ይታተሙ የነበሩትን ማለቴ ነው፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ በብዛት አሉ። እና አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ሀገር ሲከስር ሰዓሊው ማን ላይ ነው የሚዘምተው? ባከሰረው ላይ ነው ወይስ በከሰረው? እኔ እንዳየሁት አብዛኛዎቹ የሚስቁት በከሰረው ነው። ይሄ ደሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ የሂሳብ መዝገቡን ተመልሶ የሚያየው የለም፣ ስዕሉ ግን ይቀራል፣ ከ300 አመት በኋላም ሰው ስለዛ ቀውስ የሚያውቀው ስዕሉ የነገረውን ነው። (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቱሊፕን ነገር እዩ። በ1636 መጨረሻ ሆላንድ ውስጥ የቱሊፕ አበባ ስር ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ገና መሬት ውስጥ ያለ ስር በወረቀት ውል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር፣ ከዛ በ1637 ፌብሩዋሪ ላይ ሀርለም ከተማ ገዢ ጠፋና ዋጋው ተንኮታኮተ። ወዲያው መሳለቁ ተጀመረ። ሄንድሪክ ፖት የሚባል ሰዓሊ የአበባ አምላኳን ፍሎራን ሸራ በተወጠረበት ጋሪ ላይ አስቀምጦ ነፋስ ወደ ባህር ሲወስዳት ሳላት፣ ሸማኔዎቹ ስራቸውን ጥለው ከኋላ ይከተሏታል። ትንሹ ያን ብሩግል ደሞ በ1640 አካባቢ ሰዎቹን ጭራሽ ጦጣ አረጋቸው። የሀብታም ልብስ የለበሱ ጦጣዎች፣ አንዱ የአበባ ዝርዝር ይዞ ያያል፣ አንዱ ስር ይመዝናል፣ ሌሎቹ ግብዣ ላይ ናቸው፣ አንዱ ፍርድ ቤት ይጎተታል፣ አንዱ ቱሊፑ ላይ ይሸናል፣ ወደ ኋላ ስታዩ ደሞ ቀብር አለ። በስዕልነቱ በጣም የሚያምር ስራ ነው፣ እዛው ሀርለም ፍራንስ ሀልስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ግን በኋላ የታሪክ ሰዎች የዛን ዘመን የውልና የፍርድ ቤት ሰነድ ሲያገላብጡ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሲነግዱ የነበሩት በአብዛኛው አቅም ያላቸው ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፣ በቱሊፕ ምክንያት ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ማግኘት ከባድ ሆነባቸው፣ ያ ድሃው ሸማኔ መሳሪያውን ሸጦ አበባ ገዝቶ ወደቀ የሚለው ወሬ በአብዛኛው የመጣው ከስላቅ በራሪ ወረቀቶቹ ነው። ስላቁ ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ዛሬም ስለ ቢትኮይን ስናወራ የምንጠቅሰው ያንን ወሬ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ብዙ ስዕል ያስወጣው ግን የ1720ው ነው። በዛ አመት ፓሪስና ለንደን ላይ ሁለት አረፋ (ዋጋው ያለ ልክ ያበጠ የሼር ገበያ ማለት ነው) ተከታትሎ ፈነዳ፣ አምስተርዳምም ወላፈኑ ደረሰባት። የፓሪሱን የመራው ጆን ሎው የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ ሰው ገድሎ ከእንግሊዝ የሸሸ ቁማርተኛ፣ የሂሳብ ጭንቅላቱ ግን ለጉድ፣ የፈረንሳይን መንግስት ዕዳ በወረቀት ገንዘብና በሚሲሲፒ ኩባንያ ሼር አጠፋዋለሁ ብሎ በ500 ሊቭር (የዛን ጊዜ የፈረንሳይ ገንዘብ) የወጣው ሼር በ1719 መጨረሻ 10,000 አካባቢ ደረሰ፣ እሱም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፣ ግን አመቱን አልጨረሰም፣ በ1720 ዲሴምበር ከሀገር ጠፋ። በርናርድ ፒካር በሳለው ህትመት ላይ ዕድል የምትባለዋ ሴት ሰረገላ ላይ ሆና ወረቀት ትበትናለች፣ ነጂዋ ቂልነት ናት፣ ከላይ ሰይጣን አረፋ ይነፋል፣ ህዝቡ ይጋፋል። የሰልፉ መጨረሻ ደሞ የበሽተኛ፣ የእብድና የድሃ መጠለያ ቤት ነው። ጉልበት ያለው ስዕል ነው፣ ግን አሁንም ማዕከሉ የሚጋፋው ህዝብ ነው።

የለንደኑ እንዴት እንደሰራ ትንሽ ላብራራ፣ ካልገባን ስዕሎቹም አይገቡንም። ሳውዝ ሲ ኩባንያ በ1711 የተቋቋመ ነው፣ ስሙ የንግድ ይሁን እንጂ ዋና ስራው የመንግስትን ዕዳ ወደ ሼር መቀየር ነበር። ለመንግስት ያበደረ ሰው የብድር ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ኩባንያው በምትኩ ሼር ይሰጠዋል። የሼሩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ለተመሳሳይ ዕዳ የሚሰጠው ሼር ያንሳል፣ የተረፈውን ሸጦ ያተርፋል፣ ስለዚህ ዋጋውን ማስወደድ ራሱ ቢዝነሱ ሆነ። እንዲወደድ ደሞ ሼር መግዣ ብር ራሱ ያበድር ነበር፣ ለሚኒስትሮችና ለቤተ መንግስት ሰዎች ምንም ሳይከፍሉ ሼር በስማቸው ይመዘገብላቸዋል፣ ሲወደድ ትርፉን ይወስዳሉ። ጃንዋሪ 1720 ላይ 128 ፓውንድ የነበረው ሼር በበጋው 1,000 ገደማ ደረሰ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ከ200 በታች ነበር። አይዛክ ኒውተን ሳይቀር ብዙ ገንዘብ አጥቷል። ታዲያ ኒውተን የከሰረበትን ነገር ያው ህዝቡ ስግብግብ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል?

ዊሊያም ሆጋርዝ በ1721 ይሄን ጉዳይ መዳብ ላይ ቀርጾ አተመው፣ ገና ሀያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር። አባቱ ቡና ቤት ከፍቶ ከስሮ በዕዳ ፍሊት እስር ቤት ለአመታት ታስሯል፣ ልጁ ያደገው ዕዳ ቤተሰብ ላይ ምን እንደሚያደርግ እያየ ነው፣ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ስዕሉን የማየው በሌላ አይን ነው። መሀል ላይ የሚሽከረከር መጫወቻ አለ፣ ቄሱም ሴተኛ አዳሪዋም መኳንንቱም ጫማ ጠራጊውም እኩል ተሳፍረው ይዞራሉ፣ ከታች ሰው ይተራመሳል። በግራ በኩል ሰይጣን ዕድልን በጸጉሯ አንጠልጥሎ ስጋዋን እየቆረጠ ለህዝቡ ይወረውራል። ወደ ቀኝ ሐቀኝነት እንደ ሰው ተስሎ መንኮራኩር ላይ ታስሮ አጥንቱ ይሰበራል፣ ክብር ይገረፋል፣ ታች ጥግ ላይ ንግድ ራሱ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ወድቋል። ከነሱ በላይ ደሞ ለለንደን ቃጠሎ መታሰቢያ የቆመውን ሐውልት የሚመስል አምድ አለ፣ ይቺ ከተማ በሳውዝ ሲ ለመጥፋቷ መታሰቢያ ተሰራ የሚል ተጽፎበታል። ያ ሐውልት እሳት ከተማውን በልቶት ነው የቆመው፣ ልጁ ከእሳት ጋር እኩል ነው ያስቀመጠው፣ ትክክልም ነው።

ቅር የሚለኝ ግን አለ። እዛ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ይሄ እገሌ ነው ብዬ ለይቼ የማውቀው የኩባንያው ዳይሬክተር አይታየኝም። ሴቶቹን ባል በሎተሪ ለማግኘት አሰልፎ ይስቅባቸዋል፣ አይሁዱን ከካቶሊኩ ቄስ ጋር ቁማር ላይ አስቀምጦ ይስቅባቸዋል፣ ሼሩን ለሚኒስትር በነጻ ያደለው ሰውዬ ግን የለም። ሌላም የቀረ አለ። ኩባንያው ከ1713 ጀምሮ በአመት 4,800 አፍሪካውያንን በባርነት ወደ ስፔን ቅኝ ግዛቶች የማጓጓዝ ውል ነበረው፣ ያ ሁሉ ወረቀት ሲሸጥ አንዱ ማባበያ ይሄ ንግድ ነበር፣ እና በሆጋርዝ ስዕል ውስጥ ስለነሱ የሚናገር ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ከሁሉም በላይ የከፈሉት እነሱ ነበሩ።

ያከሰሩትን የነካ ስዕል ግን ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። የኩባንያው ካሸር ሮበርት ናይት በ1721 መጀመሪያ ማን ስንት እንደበላ የሚያሳየውን መዝገብ ይዞ ወደ ብራባንት (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) ሲጠፋ አንድ ህትመት ወጣ፣ የንጉሱ ውሽማ የኬንዳል ዱቼስ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና መልእክት አስይዛ ስትሸኘው ያሳያል። በቃ፣ ይሄ ነው ስላቅ! ፓርላማው የገንዘብ ሚኒስትሩን አይስላቢን አሰረ፣ የዳይሬክተሮቹን ንብረት ወረሰ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዋልፖል ደሞ የቀሩትን ትላልቆቹን ከለለላቸው፣ ህዝቡም መጋረጃ የሚል ስም አወጣለት።

እኛም ጋ እኮ ያው ነው። በስልክ ብር አስገቡ እጥፍ ይሆናል የሚሉት ነገሮች በፈረሱ ቁጥር ኮሜንት ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ ብሩን ይዞ የጠፋው ሰውዬ የሚነሳው ከብዙ ስድብ በኋላ ነው፣ ከተነሳ።

ወደ ለንደን ልመለስና በ1797 ፌብሩዋሪ የፈረንሳይ ወታደር ዌልስ ላይ አርፏል ሲባል ህዝቡ ወርቁን ለማውጣት ባንክ ወረረ፣ መንግስትም የእንግሊዝ ባንክ ወረቀቱን በወርቅ መቀየር እንዲያቆም አዘዘ። ጄምስ ጊልሬይ ወዲያው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፒትን ሆዱ በወርቅ ሳንቲም የተሞላ ግዙፍ አርጎ ባንኩ ላይ አቁሞ የወረቀት ገንዘብ ሲያስታውክ ሳለው። ሜይ ላይ ደሞ ባንኩን የብር ኖት ቀሚስ የለበሰች፣ ሳጥኗ ላይ የተቀመጠች አሮጊት አረጋት፣ ፒት የሚስማት መስሎ እጁን ወደ ኪሷ ይልካል። የእንግሊዝ ባንክ እስከዛሬ ባለበት መንገድ ስም የትሬድኒድል ጎዳና አሮጊት እየተባለ ይጠራል። ጊልሬይ ጣቱን የት እንደሚቀስር ያውቃል፣ ፊቱንም ስሙንም አልደበቀም።

ግን ከሁሉም ልቤን የሚነካው ከ22 አመት በኋላ የመጣው ነው። ወርቅ ሲቀር ባንኩ የ1 እና የ2 ፓውንድ ኖት ማተም ጀመረ፣ ከዛ በፊት ትንሹ ኖት 5 ፓውንድ ስለነበር ድሃ ሰው ወረቀት ገንዘብ ይዞ አያውቅም። አዲሶቹ በአንድ ወገን ብቻ በጥቁር ቀለም የታተሙ፣ ፎርጅድ ለመስራት በጣም ቀላል ነበሩ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደሞ በምን ይለየዋል? ፎርጅድ ሰርቶ ወይም እያወቀ ሲያስተላልፍ የተያዘ ቅጣቱ ሞት ነበር፣ ከሳሹም ራሱ ባንኩ። በነዛ አመታት ከ300 በላይ ሰው በዚህ ወንጀል ተሰቅሏል።

ጆርጅ ክሩክሻንክ የ26 አመት ልጅ እያለ በኒውጌት እስር ቤት በኩል ሲያልፍ የተሰቀሉ ሰዎች ያያል፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ምን አርገው ነው ሲል የ1 ፓውንድ ፎርጅድ ኖት ስላስተላለፉ ነው አሉት። ቤቱ ገብቶ የሳለው ነገር በ1819 ጃንዋሪ በዊሊያም ሆን ማተሚያ ቤት ወጣ፣ ሆን ደሞ ከአንድ አመት በፊት በስላቅ ጽሁፍ ሶስት ጊዜ ተከሶ ሶስቱንም ጊዜ ነጻ የወጣ ደፋር ሰው ነው። ስራው ስዕል አይመስልም፣ የብር ኖት ነው የሚመስለው፣ የኖቱ ቅርጽ እንዳለ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ነው የሚያስደነግጠው። መሀሉ ላይ አንገታቸው የተንጠለጠለ ወንዶችና ሴቶች ተደርድረዋል። ኖቱ ላይ ሁሌ የምትኖረዋ ብሪታኒያ፣ የሀገሪቱ ምልክት የሆነችው ሴት፣ እዚህ የገዛ ልጇን ትበላለች። የፓውንዱ ምልክት ከገመድ የተሰራ ነው። የባንኩ ካሸር የሚፈርምበት ቦታ ላይ የፈረመው ጃክ ኬች ነው፣ የሰቃዮች ሁሉ መጠሪያ የሆነ ስም፣ በቀላሉ የሚመሳሰል ኖት እስከታተመ ድረስ ስራዬን እንደምሰራ ቃል እገባለሁ ይላል።

እዚህ ስዕል ላይ ማንም በድሃው አልሳቀም። ጦጣ የለም፣ ዕድል የለችም፣ ሰይጣን የለም። ባንኩ አለ፣ ህጉ አለ፣ የሞቱት አሉ። የሆን ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ተሸጠ።

በ1821 ባንኩ ወረቀቱን በወርቅ መቀየር ጀመረ፣ በ1832 ደሞ ኖት ፎርጅድ መስራት በሞት መቅጣቱ ቀረ። ክሩክሻንክ ካረጀ በኋላ ያንን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። ሙሉ በሙሉ እውነት አይመስለኝም፣ ስዕሉ ከመውጣቱ በፊትም የለንደን ዳኝነት ላይ የሚቀመጡ ተራ ሰዎች በፎርጅድ የተከሰሱትን ነጻ ማውጣት ጀምረው ነበር፣ ፓርላማ ውስጥም የሚታገሉ ነበሩ። ግን ሲኮራበት አልፈርድበትም፣ ከዛ ሁሉ ሰዓሊ መሀል የሞቱትን ሴቶች ቆሞ ለምን እንደተሰቀሉ የጠየቀው እሱ ነው።