ዋ ወይስ ቫ

ዛሬ ማታ የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ፣ በቻይና ኩንሚንግ ከተማ ስማር በጻፍኩት አንድ ገጽ ላይ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ቃል አገኘሁ። መጀመሪያ «ዋ» ብያለሁ፤ እሱን ሰርዤ «ቫ» ጽፌአለሁ፤ እሱንም ሰርዤ እንደገና ወደ «ዋ» ተመልሻለሁ። የአንድ ሕዝብ ስም ነው። ያኔ ያልቆረጠልኝ ነገር ዛሬም ስላልቆረጠልኝ፣ ከስሙ ጋር እንዴት እንደተዋወቅሁ እንደማስታውሰው ላስፍር።

በተማሪዎች ማደሪያ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የሚኖረው ልጅ የሺሜንግ ሰው ነበር። ሺሜንግ በዩናን ክፍለ ሀገር ደቡብ ምዕራብ፣ ከምያንማር ድንበር ጥግ ያለ ተራራማ ወረዳ ነው። የዋ ሕዝብ አገር በሳልዊንና በሜኮንግ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ሲሆን፣ ቻይናና በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) እ.ኤ.አ. በ1960 የድንበር ውል ሲፈራረሙ መስመሩ በመሀሉ አለፈ። በቻይና በኩል የቀሩት ከ400 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው፤ የሚበዙት በምያንማር ሻን ግዛት ይኖራሉ፤ የጎረቤቴ እናት ወንድሞችም እዚያው ማዶ ናቸው።

ያቀራረበን ቅጽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምዝገባ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥ የገባው በፓስፖርቴ መጨረሻ ላይ የተገኘው ስም ስለሆነ፣ አያቴ ነፍሳቸውን ይማረውና በየቀኑ ክፍል ውስጥ ሲጠሩ እኔ «አቤት» እል ነበር። ይህን ለጎረቤቴ ሳጫውተው ሳይስቅ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየኝ። ስሙ የሚጀምርበት የቻይና ፊደል «ዓለት» ማለት ነው፤ በመደበኛው ቻይንኛ «የን» ተብሎ ይነበባል፤ ያው ፊደል በዩናን እንዲህ ባሉ ስሞች ላይ ሲመጣ ግን «አይ» ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡት መምህራን ሁሉ የን ይሉታል፤ እሱም እንደ እኔ «አቤት» ይላል።

አይ የበኩር ወንድ ልጅ ስም ነው። ተከታዩ ኚ፣ ሦስተኛው ሳም ይባላል፤ ሴቶቹ ደግሞ ዬ፣ ኢ፣ አም እየተባሉ በተራቸው ይቀጥላሉ። በአንድ መንደር ስንት አይ እንደሚገኝ መገመት ስለማያዳግት፣ የሚለይ ሌላ ስም ይታከልበታል። በአማርኛ «አይ» እምቢታ ወይም ቁጭት መሆኑን ስነግረው፣ የሰባት ልጆች በኩር ለሆነ ሰው ሁለቱም ይስማማሉ አለኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የዘር ቆጠራቸው ነው። በሺሜንግ በኩል የቆየው ልማድ የልጅን ስም ከአባት ስም ጋር ማያያዝ ነው፤ ቆጣሪው ከራሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሚያውቅ ሰው ሃያ ትውልድና ከዚያ በላይ ይወርዳል። አንድ ምሽት ደረጃው ላይ ተቀምጠን የአባቱን መስመር ሲቆጥርልኝ፣ የእያንዳንዱ ስም ጅራት የሚቀጥለውን ስም እየጎተተ እንደ ሰንሰለት ሲመጣ፣ በጣቴ ስከተል አሥራ አራተኛው ላይ ጠፋብኝ። ተራው የእኔ ሲሆን፣ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት አገር ልጅ ነኝ ብዬ በኩራት ጀመርኩና አምስተኛው ላይ ቆምኩ። ስድስተኛውን አባቴ በልጅነቴ ደጋግመው አስጠንተውኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አልመጣልኝም። እሱ ምንም አላለም፤ ዝምታው ግን ከትዝብት አይተናነስም ነበር።

የእሱ ቆጠራ የሚያበቃው ሲጋንግ ላይ ነው። ሺሜንግ ሲጋንግ ዋሻ ነው ይላል፤ ጻንግዩዋን የሚባለው ሌላው የዋ ወረዳ ደግሞ ቅል ነው ይላል። የሰው ዘር ሁሉ ከዚያ ወጣ፤ ከሁሉ ቀድመው የወጡትም ዋዎች ናቸው። ይህን የሚያህል የበኩርነት ወግ ያለው ሕዝብ በመታወቂያ ላይ «ዓለት» ተብሎ መጻፉ አጋጣሚ መሆኑን ባውቅም፣ ከዋሻው ጋር የተጣጣመ መስሎ ደስ አሰኝቶኛል።

የሕዝቡ ስም ታሪክ ግን ደስ አያሰኝም። በቻይና መዝገቦች ለረጅም ጊዜ የተጻፈው «ካዋ» ተብሎ ነው፤ «ካ» በቆላው በሚኖሩት በዳይ ሕዝብ ቋንቋ ባሪያ ማለት ነው። ይኸው ስም በአዲሱ የኮሚኒስት መንግሥትም እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቆይቶ ከዚያ በኋላ «ካ» ተነሣች፤ በ1964 ጻንግዩዋን፣ በ1965 ሺሜንግ የዋ ራስ ገዝ ወረዳ ተብለው ተቋቋሙ። ጎረቤቴ የቀረችውን ፊደል በወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈልኝ፤ በግራ በኩል ሰው፣ በቀኝ በኩል የጣሪያ ሸክላ። በድሮው ጽሕፈት የብዙ ደቡብ ሕዝቦች ስም በስተግራው የውሻ ምልክት ይለጠፍበት ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ ሰው መቆሙ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔም በልጅነቴ ወላይታን «ወላሞ» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ሰምቼ ያደግሁ ስለሆንሁ፣ ወረቀቱን ሳይ ስለ ሩቅ አገር ብቻ የማስብ ሊመስለኝ አልቻለም።

እንግሊዞቹ በበኩላቸው በርማን በያዙበት ዘመን «ዱር ዋ» እና «ገራም ዋ» ብለው ለሁለት ከፍለዋቸው ነበር፤ ለዚህ መነሻው ራስ መቁረጥ የሚባለው የቀድሞ ልማድ ነው። ልማዱ ከቀረ ዘመን አልፎታል፤ ሆኖም አዲስ የሚተዋወቀው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ፣ ጎረቤቴ መልሱን በቃሉ አጥንቶ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

በቋንቋው ግን ሲያወራ ያመሽ ነበር። የዋ ቋንቋ ከቻይንኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከካምቦዲያው ክሜርና በምያንማር ከሚነገረው ሞን ጋር የሚመደብ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም በሰሜን ታይላንድ የሚኖሩት የላዋ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ቻይንኛ ቃልን ከቃል በዜማ ሲለይ፣ የዋ ቋንቋ በትንፋሽ ይለያል፤ አንዱ አናባቢ ጥርት ብሎ፣ ሌላው መስታወት ላይ እፍ እንደሚል ሰው አየር ተቀላቅሎበት ይወጣል። ጎረቤቴ ሁለት ቃላት እያፈራረቀ ሲያሰማኝ ለእኔ አንድ ነበሩ። መዳፌን ከአፉ ፊት ሳደርግ ግን በአንደኛው ላይ ሙቀቱ ተሰማኝ።

ጽሕፈቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ፈጣሪ ለየሕዝቡ ፊደል ሲያድል የዋዎች ድርሻ በበሬ ቆዳ ላይ ተጽፎ ተሰጣቸው፤ ረኃብ ሲጠናባቸው ቆዳውን ጠብሰው በሉት ይላል ተረታቸው። በብራና ለምንኮራ ለእኛ ይህ ሆድ የሚያባባ ነው። የላቲኑን ፊደል በ1930ዎቹ ያመጡላቸው አሜሪካውያን ባፕቲስት ሚስዮናውያን ሲሆኑ፣ ቻይና በ1957 የራሷን አጻጻፍ አወጣች። የሁለቱም መሠረት ራሱን ፓራውክ ብሎ የሚጠራው ወገን ንግግር ነው። የሺሜንግ ሰው ግን ራሱን አቫ ወይም ላቫ ይላል፤ ስለዚህ ጎረቤቴ የገዛ ሕዝቡን መጽሐፍ የሚያነበው፣ የጎንደር ሰው በሌላ ክፍለ ሀገር አነጋገር የተጻፈ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሳይሆን፣ ከዚያም በባሰ ችግር ነበር።

እንግዲህ ስርዙ የመጣው እንዲህ ነው። ስማቸውን በእኛ ፊደል እንድጽፍለት ሲጠይቀኝ «ዋ» ብዬ ጻፍኩ፤ በርምኛም በእንግሊዝኛም የሚባለው እንደዚያ ነው፤ በርምኛው እንዲያውም እንደ እኛ በአንዲት ፊደል ይጨርሰዋል። አንብበው አለኝ፤ አነበብሁ፤ ጥርሱን ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፎ አረመኝ። «ቫ» ብዬ ለወጥሁት። ጣቱን ከፊደሏ ራስ ላይ አድርጎ፣ ይህች ሰረዝ ምንድን ናት አለኝ። በ«በ» ላይ የምንጨምራት፣ ለባዕድ ቃል የምትሆን ምልክት ናት አልሁት፤ ለቪላና ለቫይረስ።

ለአፍታ አሰበና የፊተኛዋ ለባዕድ አይደለችም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለችም፤ ከጥንትም የእኛ ናት፣ ለብቻዋ ስትቆም ደግሞ ማስጠንቀቂያ ናት፤ እናት ልጇን ከእሳት ስትከለክል ጣቷን ቀስራ «ዋ!» ትላለች አልሁት። ጣቱን ቀስሮ ሞከራት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገማትና፣ ድምፁ ባይገጥምም ይህችው ትሁን አለኝ።

እኔም በቃ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከጻንግዩዋን የመጣች ተማሪ ይህንኑ ገጽ ሳሳያት፣ ሁለቱንም ፊደላት በትዕግሥት አይታ፣ በአያቶቿ ቤት ማንም ራሱን በሁለቱም እንደማይጠራ ነገረችኝ። ከገጹ ግርጌ በእርሳስ፣ ሳይሰረዝ፣ «ፓራውክ» ተብሎ ተጽፏል።