ስታክ ያደረገው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ

ደሴ፣ ቅዳሜ ማታ

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መንዙማ ነው። ቃሉና ወረባቦ ድረስ እየሄዱ ያሰባስባሉ። በዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል) የተጻፉ አሮጌ ደብተሮችን ደግሞ ወደ ፊደል እየገለበጡ በላፕቶፕ ይተይባሉ። ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ የመጻፊያው ፕሮግራም ስታክ አድርጓል። ከጠዋት ጀምሮ የተየቡት ሴቭ አልተደረገም። ጣታቸው ማጥፊያው ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳያጠፉት!»

ብዙ ሰው ፕሮግራም ሲደርቅበት ቶሎ ብሎ ይገድለዋል። ግን የደረቀ ፕሮግራም ገና አልሞተም። የተጻፈው ሁሉ ራም ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን በሚይዝበት ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ፣ እንዳለ ነው። የሚጠፋው ስንዘጋው ነው። ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሊኑክስ ለሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። «ፕሮክ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ በዚያ ቁጥር ስንገባ «ማፕስ» እና «ሜም» የሚባሉ ፋይሎች አሉ። ማፕስ ፕሮግራሙ የያዛቸውን የሜሞሪ ክልሎች ይዘረዝራል፤ የትኛው እንደሚነበብ፣ የትኛው እንደሚጻፍበትም ይናገራል። ሜም ግን ራሱ ሜሞሪው ነው።

ማፕስን ከፈትኩት። ሜም ግን አልፈቀደም። ባይፈቅድም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ «ያማ» የሚባል ጥበቃ አለ። ኡቡንቱ ላይ አንድ ተራ ፕሮግራም ራሱ ያላስነሳውን ፕሮግራም ሜሞሪ እንዳይነካ ይከለክላል፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ቢሆን እንኳ። ይህ ባይኖር ከየትም የወረደ ጌም ብራውዘር ውስጥ ገብቶ የይለፍ ቃል ሊለቅም ይችላል። ስለዚህ በሱዶ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ መግባት ግድ ሆነ። የይለፍ ቃሉን ጋሼ ራሳቸው አስገቡ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ባለበት አስቆምኩት። ቀጥሎ ጂዲቢ በሚባለው የፕሮግራም መመርመሪያ ሜሞሪውን በሙሉ ወደ ፋይል ገለበጥኩ። ፍለጋው ቅጂው ላይ ነው፤ ዋናው አይነካም። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ጽሑፍን በቁጥር የማስቀመጫ ዘዴ 3 ባይት (ከ0 እስከ 255 የሆኑ 3 ቁጥሮች) ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። «ደሴ» የሚለው 225 139 176 225 136 180 ሆኖ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ተከትዬ ሄድኩ።

ስንኞቹ ወጡ! ግን ተበታትነው። አንዳንዱ ሁለቴ ሦስቴ ተደግሟል። ጋሼ ደብተሩን እያዩ ቦታ ቦታቸውን አስያዟቸው። «አብሽር፣ ተገኝቷል» እያሉ እኔኑ ያበረታቱኛል።

መሀል ላይ የደብዳቤ ቁራጭ ብቅ አለ። ማንበቤን ትቼ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«ይሄንንማ ጠዋት አጥፍቼው ነበር» አሉ፣ ደንገጥ ብለው።

አጥፍተውታል። ፕሮግራሙ ግን ቦታውን «ለቅቄያለሁ» ይላል እንጂ አያጸዳውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የድሮው እዚያው ይቆያል። ለዚህ ነው የሰው ፕሮግራም ሜሞሪ ሲከፈት ባለቤቱ አጠገቤ እንዲቀመጥ የምፈልገው። ሰው ጥሎታል ያለው ሁሉ እዚያ አለ።

ልጁ ግን የጓጓው ለሌላ ነገር ነው። «ማየት ከተቻለ መቀየርስ?» አለኝ። ይቻላል። ትንሽ ጌም ከፍተን አሳየሁት። ሳንቲሙ 1000 ነው፤ ሜሞሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ 232 3 0 0 (232 ሲደመር 3 ጊዜ 256) ሆኖ ይቀመጣል። ስንፈልገው ብዙ ቦታ ተገኘ። ሳንቲም አጥፍተን አዲሱን ቁጥር ከተገኙት መሀል ስንፈልግ ጥቂት ቀረ። በመጨረሻ አንድ። እዚያ ላይ ሌላ ቁጥር ጻፍንበትና ሳንቲሙ ተቀየረ። ጌሙን ዘግተን ስንከፍት አድራሻው ሌላ ሆነ፤ ሊኑክስ አቀማመጡን ሆን ብሎ ያዘበራርቀዋል።

የጋሼን መጻፊያ ግን እንዲህ አልነካውም። ማንበብ አይጎዳም። መጻፍ ግን አንድ ባይት ካለፈ የጎረቤቱን ያበላሻል፣ ፕሮግራሙም ይወድቃል።

«ቴሌብር ላይ ያለውን ብርስ?» አለኝ ልጁ በመጨረሻ።

ስልክህ ላይ የምታየው ቁጥር ቅጂ ነው አልኩት። እሱን ብትቀይር የሚቀየረው ስክሪንህ ብቻ ነው። ሒሳቡ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ የዚያን ሜሞሪ ደግሞ ያንተ ሱዶ አይከፍተውም።