የቮልሷ ካምቢዮ

የአባቴ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ሞተር መኪና ናት። ከኋላዋ የሚሰማው ጩኸት ፍጥነት ስትጨምር እየጎላ፣ ነዳጅ ሲለቀቅላት ደግሞ ቃናው እየተለወጠ ስለ መጣ ካምቢዮዋን (የማርሽ ሳጥኗን) አውርደን ከፈትነው። ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፉት የፒኞኑና (የትንሹ ጥርስ) የኮሮናው (የትልቁ ቀለበት ጥርስ) ጥርሶች ፊታቸው ተቦርቡሯል፤ የግራው አክስል ጠፍጣፋ ጫፍ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ በሚገባበት ቦታ ልል ሆኗል፤ የግራው የፍሬን ታምቡር አክስሉን የሚይዙት የውስጥ ቦዮችም ተበልተዋል። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ጊዜዬ በሙሉ ያለፈው ለእነዚህ ምትክ በመፈለግ ነውና፣ በዚህ ሥራ የተረዳሁትን ከመርሳቴ በፊት ላሰፍረው ወደድኩ።

የቮልስ ዕቃ በየትም ይገኛል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ለእምነቱም ምክንያት አለው። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ በሜክሲኮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የኖረ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት መኪና ነው። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠራው ይህ መኪና በውስጡ ብዙ ዓይነት ነው። የእኛዋ በ6 ቮልት የምትሠራ በመሆኗ ቮላኖዋ (ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) 109 ጥርስ አለው፤ የ12 ቮልቶቹ ግን 130 ጥርስ ያለውና ሰፋ ያለ ስለሆነ የአሮጌው ካምቢዮ ቤት ካልተሞረደለት ይነካካል። የፍሪሲዮን ዲስኳም ስፋቱ 180 ሚሊ ሜትር ሲሆን በገበያ የሚበዛው ለኋለኞቹ ሞተሮች የተሠራው ባለ 200 ነው። ስለዚህ ካሊብሮ (ውፍረትና ስፋት መለኪያ) ሳልይዝ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ መሄድ ትቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የጠየቀው የፒኞንና የኮሮና ነገር ነው። እነዚህ ሁለቱ በፋብሪካ አብረው ተፈትነው፣ ጥርስ ለጥርስ ተላምደው የሚወጡ ስለሆኑ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የጥንድ ቁጥር ይቀረጽባቸዋል፤ መጅ ከሌላ ወፍጮ ጋር ቢቀመጥ እንደማይፈጭ ሁሉ፣ ፒኞንም ከሌላ ኮሮና ጋር ቢገጠም መጮኹን አይተውም፤ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። ሶማሌ ተራ ውስጥ አንድ አዛውንት ነጋዴ ጥርሱ ያልተነካ ፒኞን ከጨርቅ ፈትተው ሲያሳዩኝ፣ «ጋሼ፣ ኮሮናውስ የታለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ኮሮና አንተው ጋ አለ አይደል?» አሉኝ። ሰውየው በቅንነት ነበር የተናገሩት፤ ዕቃውም ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ያለ ጥንዱ ግን ለእኔ ብረት ብቻ ነው።

ሌላ ቦታ ጥንዱ ያልተለያየ፣ ቁጥሩም የሚመሳሰል ዕቃ አገኘሁ። ጥርሱን ስቆጥር ግን ፒኞኑ 8፣ ኮሮናው 33 ሆነ፤ የእኛዋ 8 ለ35 ነው። የኮሮናው ጥርስ ለፒኞኑ ሲካፈል የመጀመሪያው 4.125፣ የሁለተኛው 4.375 ይመጣል፤ ይህም በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ወደ 6 በመቶ የሚሆን የመጎተት ኃይል ይቀንሳል። ጠፍጣፋ አውራ ጎዳና ላላቸው አገሮች ይህ ጥቅም ነው፤ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መኪናው ይፈጥናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ታጣለች፤ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ትፈልገዋለች። በመሆኑም ዋጋው ቢያጓጓም ተውኩት። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ በአንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆሞ የቀረ ቮልስ ካምቢዮ ሙሉውን መግዛት ነበር፤ 8 ለ35ቱ ጥንድ፣ ሁለቱ አክስሎችም ከነሚገቡባቸው ጥርሶች፣ ሳይነጣጠሉ ወጡልን።

የሚሠራና የማይሠራውን መለየት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የተበላውን ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በሞረድ መቅረጽ ይቻላል ብለው የመከሩኝ አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የማርሽ ጥርስ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ድንገተኛ ምት የሚችል ሆኖ በሙቀት የተዘጋጀ ነው፤ የብየዳ እሳት ይህን ዝግጅት ያጠፋዋል፤ የጠመዝማዛውን ጥርስ ቅርጽ ደግሞ ለዚሁ ከተሠራ ማሽን በስተቀር የሚያወጣው የለም። በአንጻሩ የፍሪሲዮኑ ዘንግ የሚያርፍበት ቡሽ ከነሐስ፣ ከፒኞኑ ኩሽኔታ (ማዞሪያ ቦል) ሥር የሚገባው ስስ ቀለበት ከብረት፣ ወረቀት ማሸጊያዎቹም እዚሁ ይሠራሉ። ቶርኖ ቤቱ ውስጥ ያሉት ባለሙያ ያለቀውን ቡሽ ሳሳያቸው ወደ ጎን አስቀምጠው ዘንጉን ጠየቁ፤ ዘንጉንም ቡሽ ከማይነካው፣ ካልተበላው ቦታ ለኩት። ያለቀ ዕቃ እንደ ናሙና ከተቀዳ መበላቱም አብሮ ይቀዳል፤ ይህን ሳይናገሩ በእጃቸው ሲያሳዩ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ስሱ ቀለበት የበለጠ ጥንቃቄ ፈለገ። በጥንዱ ላይ ከቁጥሩ ሌላ፣ ፒኞኑ ከመደበኛው ልክ በስንት መቶኛ ሚሊ ሜትር እንደሚለይ የሚናገር ምልክት አለ፤ የቀለበቱ ውፍረት የሚወሰነውም ይህን በማስላት ነው። ባለሙያው ወፍራም አድርገው ቆረጡት፤ ሬቲፊካ ቤት (ብረት በድንጋይ እየሞረዱ ልክ የሚያወጡበት) ወስደን በጥቂት በጥቂቱ አስጨረስነው። ጥርሶቹን ቀለም ቀብተን ስናዞራቸው አሻራው ከጥርሱ መሐል አረፈ፤ በመካከላቸው ያለው ልቅነትም ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ባለው ወሰን ውስጥ ሆነ። ይህን አሻራ ያየሁበት ሰዓት በዚህ ዓመት ከተደሰትኩባቸው ጥቂት ሰዓቶች አንዱ ነው።

አሁን ካምቢዮው ተዘግቶ 3 ሊትር ባለ 90 ዘይት ይጠብቃል፤ የቀረው ታምቡሩ ነው። ፍራንክፈርት ለምትኖረው እኅቴ ባለ አምስት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር የሆነውን እንድትገዛ ጽፌላታለሁ፤ ለበዓል ስትመጣ ይዛው ትመጣለች። የአሮጌው ቦዮች የተበሉት ታምቡሩን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ልል ሆኖ በመነዳቱ ስለሆነ፣ አዲሱ ሲገባ ዳዶው በ30 ኪሎግራም ሜትር ኃይል ይጠብቃል፤ ዳዶው እንዳይላላ የሚያግደው የኮፒሊያ (የሽቦ ቁልፍ) ቀዳዳ ካልገጠመም ወደ ፊት ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።