«እናትህ ማን ትባላለች?» የዊልያም ስቲል ጥያቄ

ዊልያም ስቲልን በፊላዴልፊያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሁሉ ልናውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። የከተማይቱ ነጋዴ ነበር፤ ድንጋይ ከሰል ይሸጥ ነበር። በ1902 ሲሞት ጥቁሩም ነጩም የሚያከብረው ሽማግሌ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሀብቱ አይደለም፤ ከባርነት አምልጦ በሩን ለሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ያቀርብ የነበረው ጥያቄ ነው። (ዘመናቱን እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከወላጆቹ ነው። አባቱ ሌቪን በሜሪላንድ ባርያ ነበር። ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ራሱን ከጌታው ገዝቶ ነጻ ወጣና ወደ ኒው ጀርሲ ተሻገረ። ሚስቱ ሲድኒ ግን ከነልጆቿ እዚያው ቀረች። አንድ ቀን አራት ልጆቿን ይዛ ጠፋችና ባሏ ዘንድ ደረሰች። ብዙም ሳይቆይ አሳዳጆች ደርሰው ይዘው መለሷት። ሁለተኛ ጊዜ ስትነሳ አራቱንም ይዛ መንገዱን እንደማትዘልቀው አውቃ ነበር። ሁለቱን ሴቶች ልጆች ይዛ፣ የተኙትን ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ ሌቪንንና ፒተርን፣ ስማ ወጣች። ፒተር ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማው ነው።

ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ቤሩትና ጅዳ የወረዱ እህቶቻችንን የሚያውቅ ሰው በዚህች እናት ላይ አይፈርድም። እኔ ያንን ታሪክ ሳነብ የሰፈራችን ሴቶች ፊት ነው የታየኝ።

ኒው ጀርሲ ስትገባ እንዳይደርሱባት ስሟን ቻሪቲ አለችው። የቤተሰቡም ስም አጻጻፉ ከስቲል (Steel) ወደ ስቲል (Still) ተለወጠ። በበርሊንግተን አውራጃ የጥድ ጫካ ውስጥ መሬት ይዘው ልጅ በልጅ ላይ ወለዱ። ዊልያም በጥቅምት 1821 ሲወለድ የአሥራ ስምንት ልጆች የመጨረሻ ነበር። ከታላላቆቹ አንዱ ጄምስ ትምህርት ቤት እምብዛም ሳይረግጥ በዕፅዋት መድኃኒት የታወቀ ሐኪም ሆኖ በዚያ ጫካ ስሙ ገነነ። የቀሩት ሁለቱ ወንዶች ግን መጀመሪያ ኬንታኪ፣ ቀጥሎም አላባማ ተሸጡ። ሌቪን እዚያው ሞተ።

ዊልያም በ1844 ወደ ፊላዴልፊያ መጣ። ያገኘውን ሁሉ ሠራ። በ1847 በፔንሲልቬንያ የፀረ ባርነት ማኅበር ቢሮ ተቀጠረ፤ ሥራው ቢሮውን መጥረግና ጽሕፈት ነበር። ማንበብና መጻፉን በአብዛኛው በራሱ ጥረት ያዳበረው ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ የከተማይቱ የሸሽተኞች አሳዳሪ ሆነ። «የምድር ውስጥ ባቡር» ይሉት የነበረው መረብ ሐዲድም ባቡርም አልነበረውም። ሰው ከቤት ወደ ቤት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ባርያዎችን ወደ ሰሜን ግዛቶችና ወደ ካናዳ የሚያሻግርበት ምስጢራዊ መንገድ ነው።

በነሐሴ 1850 አንድ በዕድሜ የገፋ እንግዳ ወደዚያ ቢሮ ገባ። ከአላባማ የመጣ ነው። ጆሴፍ ፍሪድማን የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ ከገዛው በኋላ፣ ራሱን በ500 ዶላር እንዲዋጅ ፈቅዶለት ነጻ ወጥቷል። ሰውየው የሚፈልገው ቤተሰቡን ነው። በእጁ ያለው የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ አብሮት የተሸጠው ወንድሙ ስምና ዴላዌር ወንዝ አካባቢ የሚል የልጅነት ትዝታ ብቻ ነበር። በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ማስታወቂያ ቢነገርልኝ ሽማግሌዎች ያስታውሱ ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጓል።

ዊልያም ጠየቀው፤ አባትህ ማን ይባላል? ሌቪን። እናትህስ? ሲድኒ። ዊልያም ከመወለዱ በፊት የተለየው፣ በቤታቸው ስሙ በእንባ ሲነሳ ያደገበት ወንድሙ ፒተር ፊቱ ተቀምጧል። ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። አባታቸው በ1842 ሞቷል፤ እናታቸው ግን ወደ ሰማንያ ተጠግታ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሕይወት ነበረች። ፒተር እናቱን አገኛት።

የፒተር መከራ በዚያ አላበቃም፤ ሚስቱ ቪናና ልጆቹ አላባማ ቀርተዋል። ሴዝ ኮንክሊን (Seth Concklin) የሚባል ነጭ ሰው በ1851 ሊያወጣቸው ሄዶ እስከ ኢንዲያና ካደረሳቸው በኋላ ተያዙ። ኮንክሊን እጁ እንደታሰረ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ቤተሰቡም ወደ ባርነት ተመለሰ። ጌታቸው ነኝ ባዩ 5,000 ዶላር ካልተከፈለኝ አለቅም አለ። ፒተር በየከተማው እየዞረ ታሪኩን ነግሮ ገንዘቡን እስኪሞላ ድረስ እስከ 1854 ለመነ። ቤተሰቡም ነጻ ወጣ።

ዊልያም ከዚያ ቀን በኋላ ነው መዝገቡን አጥብቆ የያዘው። የሚመጣውን ሁሉ ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል። ስምህ? የድሮው ስምህስ? አሁን ማን ልትባል ነው? ዕድሜህ፣ ቁመትህ፣ መልክህ? ጌታህ ማን ነበር፣ እንዴት ያስተዳድርህ ነበር? እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም የት ትተህ መጣህ? በዚህ መልክ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን እንደረዳ ይነገራል። ራሷ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ታወጣ የነበረችው ሃሪየት ታብማንም ከሜሪላንድ ያወጣቻቸውን ሰዎች ይዛ በእሱ በኩል ታልፍ ነበር። የሸሸ ባርያን ያስጠለለ ሰው በሚቀጣበት፣ በ1850 በወጣው ሕግ ዘመን እንዲህ ያለ ጽሑፍ መያዝ ለራስ ማስረጃ ማዘጋጀት ነው። ሌሎች ወረቀት ያቃጥሉ ነበር፤ እሱ ጽፎ ሌባነን በሚባል መካነ መቃብር ደበቀው። በ1872 ከዚያ መዝገብ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቶ በራሱ ወኪሎች አሰራጨ። መለያየት ምን እንደሆነ በገዛ እናቱ ዓይን ያየ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት ያመጣል?

እኔ በትርፍ ሰዓቴ አዲስ ለሚመጡ ወገኖች አስተረጉማለሁ። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በኬንያ ካምፕ በኩል የመጡ ናቸው። ከፊታቸው የሚቀርበው ቅጽ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። የቤተሰብ ስም ሲባሉ የአባታቸውን ስም ይናገራሉ፤ ወንድማማቾች በተለያየ ጊዜ ሲገቡ አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ በወረቀት ላይ ዝምድናቸው ይጠፋል። የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቀው ሁሉ ጥር 1 ቀን የተወለደ ይሆናል። በአንድ ቢሮ አንዲት እናት የልጆቿን አባት ስም ልታስመዘግብ ስትጀምር ጸሐፊው «ይህ አያስፈልግም» ብሎ አስቆማት። ሴትዮዋ ዝም አለች። እኔ ተናደድሁ። ዊልያም ስቲል ቢሆን ኖሮ ያንኑ ነበር አስቀድሞ የሚጠይቃት።

ሰባት ቤት ቆጥረን የምናድግ ሰዎች ነን። በስደት ግን ያ ቆጠራ በአፍ ብቻ ሲኖር ልጆቻችን አያታቸው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ስለዚህ አሁን ከቅጹ ጎን የራሴን ደብተር ይዣለሁ። ሰውየው ከፈቀደ የወጣበትን ወረዳ፣ በመንገድ የተለዩትን ሰዎች፣ የእናቱን አባት ስም እጽፋለሁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ይጠራጠራሉ፤ የእናታቸውን ስም ስጠይቅ ግን ድምፃቸው ይለወጣል።

ስቲል ባርነትን ካስቀረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በከሰል ንግዱ ከበረ። ጥቁሮች በከተማይቱ የፈረስ ትራም እንዳይሳፈሩ ይከለከሉ ነበርና በ1859 በጋዜጣ ጽፎ የጀመረው ትግል በ1867 በፔንሲልቬንያ ሕግ ድል አደረገ። ልጁ ካሮላይን በዚያ ዘመን ሐኪም ከሆኑት ጥቂት ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆነች። በ12ኛ መንገድ ላይ ስሙን የያዘ ሰማያዊ የታሪክ ሰሌዳ ቆሞለታል። በእጁ ከጻፋቸው መዝገቦች አንዱ ሎከስት መንገድ በሚገኘው የፔንሲልቬንያ የታሪክ ማኅበር ተቀምጧል። በከተማችን ያለ ወላጅ ልጆቹን ወስዶ ቢያሳይ እወዳለሁ።

ስለዚህ በስቲል ጥያቄዎች መሠረት የእናቴን ወንድም እጽፋለሁ። ስሙን ለሚጠይቀኝ በግል እናገራለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ከጎንደር ተነስቶ በመተማ በኩል ገዳሪፍ ገባ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማው ነው። ጠይም፣ ረጅም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ የልጅነት ጠባሳ ያለው። ገዳሪፍ ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ካርቱም ወረደ የሚል ወሬ ደርሶናል። ስሙን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ከካርቱም ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውሮፓ በዚያን ዓመታት የገባችሁ ሽማግሌዎች የምታስታውሱት ካለ ጻፉልኝ። እኅቱ በሕይወት አለች፤ ስልኳን እሰጣለሁ።