ክራርና አካፋ

ከቀበና ወንዝ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው ጠባብ መንገድ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው አንድ የቆሻሻ ክምር ነበር። ክምሩ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ስለነበር ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም ነበር፤ እንዲያውም ሰው ሲቃጠር «ቆሻሻው ጋ ጠብቀኝ» ይባባል ነበር። አመድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተቀዳደደ ፌስታል፣ አልፎ አልፎም የሞተ ውሻ ይጣልበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ግማሹን ጠርጎ ወደ ወንዙ ይወስደዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት ግን የሰፈሩ ጎረምሶች አካፋና ባሬላ ይዘው መጡና ሲዝቁ፣ ሲጭኑና ሲደፉ ሁለት ቀን ሙሉ ዋሉ። በቦታው ቀይ አፈር ደለደሉ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደሩ፣ ድንጋዩን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀቡት። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ በቲማቲም ጣሳ የተበጠበጠ ኖራ ይዤ የዛፍ ግንድ መቀባት ነበር። ከግንዱ ይልቅ ጫማዬን ቀብቼ ቤት ስገባ እናቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

ያን ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር የተደረገው በእኛ ሰፈር ብቻ አልነበረም። ከሥራው ሁሉ ጀርባ ይነሣ የነበረው ስም «ጋሽ አበራ ሞላ» ነው። የስሙ ባለቤት ድምፃዊና የክራር ተጫዋች ስለሺ ደምሴ ሲሆን፣ በውጭ አገር ኖሮ ከተመለሰ በኋላ የአዲስ አበባን ወጣቶች አስተባብሮ የቆሻሻ መጣያ የነበሩ ጥጋጥጎችን ወደ አትክልት ቦታነት የመለወጥ ዘመቻ ጀመረ። ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎት እንኳ በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ የተቀባ ድንጋይ ባየ ቁጥር ይህን ስም ሳያነሣ አያልፍም።

ነገሩ ለምን እንደሠራ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስለ ንጽሕና የሚናገር ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ይናገር ነበር፣ ትምህርት ቤትም በሰልፍ ሰዓት ይናገር ነበር፣ ሬዲዮውም እንዲሁ። ልዩነቱ ያለው በአቀራረቡ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ስሙን እንይ። «ጋሽ» የሚለው መጠሪያ የሹመት ሳይሆን የጉርብትና ነው፤ ጋሽ እገሌ ሲቆጣህ እንደ አባት ነው፣ ሲያዝህም ዞር ብሎ አብሮህ ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል። ሁለተኛው መሣሪያው ነው። በአገራችን ልማድ በገና የጸሎት፣ ክራር ደግሞ የዘፈንና የፍቅር መሣሪያ ነው፤ አጥባቂዎቹማ የሰይጣን መሣሪያ እስከ ማለት ይደርሱ ነበር። ቆሻሻ መጥረግም በበኩሉ የተናቀ ሥራ ነበር። የተናቀውን ሥራ በዘፈን መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው ለስብከት እንደመጣ ሊታይ አይችልም፤ ሰው መጀመሪያ ሊዝናና ይቀርባል፣ አካፋውን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ሰፈር ጎረምሶች ለመምሰል የፈለጉት ባለሥልጣን ሳይሆን ዘፋኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ትዝታዬ በዚያ ቅዳሜ ብቻ ቢቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። የተተከለው ችግኝ ውኃ ይጠጣል። ክረምቱ እንዳለፈ ጎረምሶቹ በተራ በጀሪካን ውኃ ማመላለስ ጀመሩ፤ ተራው መጀመሪያ በየቀኑ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ፣ ከዚያም «የማን ተራ ነው?» እየተባለ ቀረ። እስከ ግንቦት ድረስ ከችግኞቹ አብዛኞቹ ደረቁ። አንድ ማለዳ ድንጋዮቹ መካከል አንድ ፌስታል ተጥሎ አገኘን፤ በማግስቱ ሦስት ሆነ። በሌላው ሰፈር የተሻለ የዘለቀ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዘመቻው ነው ለማለት አልደፍርም። ዘፈን ሰውን ከቤቱ ያስወጣል፤ ውኃ የማጠጣቱን ተራ ጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ግን ሌላ ሰው መሆን ነበረበት፤ በእኛ ሰፈር ያ ሰው አልነበረም።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄም አለ። ያን ቅዳሜ በባሬላ ያወጣነው ቆሻሻ የት እንደሄደ ማናችንም አልጠየቅንም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከማች የኖረው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ በሚገኘውና ሁላችንም ቆሼ በምንለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከሥሩ በነበሩ ቤቶች ላይ ሲወድቅ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዜናውን ስሰማ ትዝ ያለኝ የቲማቲም ጣሳዬ ነው። ደጃችንን ስናጸዳ ቆሻሻው የሌላ ሰው ደጅ ላይ እየተከመረ እንደነበር የነገረን አልነበረም። በኪነ ጥበብ የሚሠራ የአካባቢ ቅስቀሳ ይህን የሚያደክም ክፍል፣ ማለትም የገንዳውን፣ የመኪናውንና የመጨረሻውን መጣያ ጉዳይ፣ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል፤ ስለ አበባ መዝፈን ስለ ገንዳ ከመዝፈን እንደሚቀል ግልጽ ነው።

በማኅበራዊ ጉዳይ በኩል ደግሞ በትእዛዝና በበጀት የሚሠራ ጥበብ አለ። በ2005 ዓ.ም. አምስት ወጣት ሴቶችን ይዞ በዘፈንና በሬዲዮ ድራማ የጀመረው «የኛ» ስለ ልጃገረዶች ትምህርት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና ጥቃት የሚያወራ ነበር። እኔ ራሴ በዚህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ጥርጣሬ አለኝ፤ ገጸ ባሕርይዋ አፏን ስትከፍት የፕሮጀክት ሰነዱ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ቢሆንም በታክሲ ውስጥ ዘፈናቸው ሲከፈት አብረው የሚያዜሙ ተማሪዎችን አይቻለሁ፤ እነዚያ ልጆች ስለ ሰነዱ ግድ አልነበራቸውም። ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው የብሪታንያ መንግሥት ግን በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ድጋፉን አቋረጠ፤ ከዚያ በፊት የዚያ አገር ጋዜጦች ቡድኑን በእንግሊዞቹ የሴቶች የዘፈን ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ሲዘባበቱበት ነበር። የእኛ ልጃገረዶች ጉዳይ በሌላ አገር የጋዜጣ ርእስ እንዲህ መወሰኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ልቤን የሚያሞቀው የ«አዱኛ» ታሪክ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን አሰባስቦ አዲስ አበባ ውስጥ «ካርሚና ቡራና» የተሰኘውን የዳንስ ሥራ አሳየ። ከዚያ መካከል 18ቱ ተመርጠው ለአምስት ዓመት ሠለጠኑ፤ አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድንም ከእነርሱ ተወለደ። እዚህ ላይ ሰው ስለ ጎዳና ልጅ አልዘፈነም፤ የጎዳና ልጁ ራሱ ባለሙያ ሆነ። ከእነዚያ ሁለቱ፣ አዲሱ ደምሴና ጁነይድ ጀማል፣ በ2001 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው የሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ለመደነስ በቅተዋል። አምስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። የአንድ ቅዳሜ ዘመቻ የማይሰጠው ይህን ነው፤ በየማለዳው መነሣትን፣ ጉልበት እስኪዝል መደጋገምን።

ባለፈው ጥቅምት ወደ ድሮው ሰፈር ሄጄ ነበር። መታጠፊያው ዛሬ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ ከቀባናቸው ድንጋዮች ሁለቱ ከአጥሩ ሥር ተቀብረው ጫፋቸው ብቻ ይታያል፣ ቢጫው አልለቀቀም። ከተተከሉት ዛፎች አንድ ግራቪሊያ ቀርታለች፤ ከጣሪያ በላይ ሆናለች። ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ባለቤት የሆኑ አሮጊት ልብስ ያጠቡበትን እጣቢ በሳፋ ይዘው ወጥተው ሥሯ ላይ ሲያፈሱ አገኘኋቸው። «እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያጠጧት?» አልኳቸው። «እና የት ልድፋው ልጄ፣ መንገድ ላይ?» አሉኝና ሳፋውን አራግፈው ገቡ።