ድምፁን 6 ላይ አድርጌ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ካስቀመጥኳት ትነቃለች፣ ስለዚህ አላስቀምጣትም። አምስት ሳምንቷ ነው። ይህን የምጽፈው በአንድ አውራ ጣት ስለሆነ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ማንቸስተር እንደ ልማዷ ታካፋለች፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ የድሮው ሲዲ ማጫወቻዬ ድምፁ 6 ላይ ነው። ከ6 ካለፈ ልጅቷ ትባንናለች፤ ከ6 ከወረደ ደግሞ የፍሪጁ ድምፅ ይበልጠዋል። ሞክሬዋለሁ።

የሚጫወተው ዴር የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ቢሊፍ» የተሰኘ አልበም ነው። ሲዲው ቤቴ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል። እስከዚህ ወር ድረስ ግን ከሦስተኛው ዘፈን አልፌ አላውቅም ነበር።

የሰጠኝ የማታ ፈረቃ ላይ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ የኦልድሃም ሽማግሌ ነው። ኦልድሃም እዚሁ ማንቸስተር ጥግ ያለች የድሮ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ዴርም የበቀለው ከዚያው አካባቢ ነው። ሽማግሌው «የሰፈሬ ልጆች» ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ያዋሰኝ የ1988ቱን አልበማቸውን፣ «አውት ኦፍ ዘ ሳይለንስ»ን ነበር፣ እሱንማ በላሁት ማለት ይቀላል። ግድግዳ የሚያፈርስ ጊታር፣ ሰማዩን ሙሉ የሚሞላ ኪቦርድ፣ ስቴዲየም አብሮ እንዲጮኸው የተሠራ አዝማች። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ። (በነገራችን ላይ ያኔ ኪቦርድ ላይ ከነበሩት አንዱ፣ ያ ፀጉሩን ያንጨባረረ ልጅ፣ ዛሬ በቴሌቪዥን ስለ ጠፈር የሚያስረዳው ፕሮፌሰር ብራያን ኮክስ ነው። አልቀልድም። ከባንዱ ሲወጣ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ተማረ።)

ከዚያ «ቢሊፍ»ን ሰጠኝ። ሦስት ዘፈን ሰምቼ አወጣሁት። የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ መሰለኝ። ጊታሩ የት ገባ? ማን ተኝቷል ብሎ ነው የሚያንሾካሹከው? በማግስቱ ለሽማግሌው «ሰውየው አርጅቷል» አልኩት። ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «አንተ ጮክ አድርገህ ስለምትሰማ ነው» አለኝ። ከሽማግሌ ጋር ምን ያከራክረኛል ብዬ ተውኩት።

ሰውየው የሚባለው ዳረን ዋርተን ነው፣ የዴር ዘፋኝና መሥራች። እሱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1980 ቲን ሊዚ የሚባለውን የአየርላንድ ሮክ ባንድ በኪቦርድ ተጫዋችነት ሲቀላቀል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። የቲን ሊዚ መሪ ፊል ላይኖት ነው፤ እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ከጋያና የመጣ፣ ደብሊን ውስጥ አያቶቹ ያሳደጉት ጥቁር አየርላንዳዊ። ቤዝ ጊታር ይዞ ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያስጮህ። እውነቱን ለመናገር «ሮክ የፈረንጅ ነገር ነው» እያልኩ እከራከር የነበርኩት የላይኖትን ፎቶ እስካይ ድረስ ነው። ባንዱን ታዋቂ ያደረገው ደግሞ በ1972 በኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወቱት የቆየ የአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን ነበር። የኬልቲኩን (የአየርላንድ፣ የስኮትላንድና የዌልስ ሕዝቦችን የድሮ) ዜማ ከሮክ ጋር ማጋባት ለነዚህ ሰዎች አዲስ ፋሽን አልነበረም፣ የቤት ነገር ነው።

ላይኖት በጥር 1986 በ36 ዓመቱ ሞተ። ዋርተን በመጀመሪያው የዴር አልበም ላይ አንድ ዘፈን ሰጥቶታል፤ ግን እሱም ቢሆን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ነው። ሁለተኛው አልበም በ1991 ወጣ፣ እሱ ይባስ ብሎ ጠንካራ ነበር። ከዚያ ባንዱ ፈረሰ። ዋርተን ወደ ሰሜን ዌልስ ተራሮች ገባ። በ1998 ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ አልበሙ ውስጥም የቲን ሊዚን አንድ የፍቅር ዘፈን መልሶ ዘፈነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው «ቢሊፍ» ግን ዝቅ ማለቱን እስከ መጨረሻው ገፋበት።

ያ ኬልቲክ ነገር ከየት መጣበት ብባል ግማሹ ከተራራው፣ ግማሹ ከላይኖት ነው እላለሁ። የኔ ግምት ነው።

ተራራውን አይቼዋለሁ። አምና እኔና ባለቤቴ ሄደን ነበር። ስኖውደን የዌልስ ትልቁ ተራራ ነው ሲሉኝ ከፍታውን ጠየቅሁ፤ 1,085 ሜትር። ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ ሜዳዋ ላይ ቆመህ ከዚህ እጥፍ በላይ ነህ። ግን ዳመናው አይጣል ነው! ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣብህ፣ በጉን ይውጣል፣ የድንጋይ አጥሩን ይውጣል፣ ከዚያ አጠገብህ ያለችውን ሚስትህን ይውጣል። «አለሽ?» እያልኩ ነበር የወረድኩት።

አሁን ይሄን አልበም ስሰማ ያ ጭጋግ ነው የሚመጣብኝ። ጊታሩ የትም አልሄደም፤ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ልክ እንደ ባግፓይፕ፣ እንደ ስኮትላንዶቹ የከረጢት ዋሽንት፣ ትንፋሽ ሳያቋርጥ፣ ከስር ኪቦርዱ እንደ ዳመና ተኝቷል። ከበሮው አይቸኩልም። ድምፁን 6 ላይ ስታደርገው ደግሞ ሌላ ነገር ትሰማለህ። ዋርተን ስንኙን ከመጀመሩ በፊት የሚስባት ትንፋሽ አለች። ትንሽ ሻከር ያለች። መኪና ውስጥ በዚያ ሁሉ ጩኸት አንድ ቀን እንኳን ሰምቻት አላውቅም። አሁን ግን ከልጅቷ ትንፋሽ ጋር ሳትገጥም፣ አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ፣ እሷን ስጠብቅ ዘፈኑ ያልፈኛል።

ከሦስት ቀን በፊት ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል።

«ትዝታ ነው እንዴ የከፈትከው?»

«ኧረ የእንግሊዝ ባንድ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚህ ያባባል?» ብላ ተመልሳ ተኛች።

የተናገረችው በእንቅልፍ ልቧ ቢሆንም ነገር አለው። የድሮዎቹ የአየርላንድና የስኮትላንድ ዜማዎች ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። የኛ ትዝታ ሜጀርም እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው። እዚህ አገር በፈረንጅ አዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚዘፍነውን የስኮትላንድ ዜማ በትዝታ በተቃኘ ክራር ብትሞክረው የሚያስቸግርህ አንድም ድምፅ የለም። የዋርተን ዘፈኖች በሙሉ እንደዚያ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ሮክ ነው፣ ሌሎች ድምፆችም ይገባሉ። ግን አንዳንድ ቦታ ዜማው ሲያርፍ የት እንደሚያርፍ ጆሮህ ቀድሞ ያውቀዋል።

ሁሉንም ወደድኩት ብዬ ግን አልዋሽም። መሀል ላይ ሁለት ዘፈኖች አሉ፣ መንትያ ይመስላሉ፣ እስካሁን የትኛው የቱ እንደሆነ አልለየኋቸውም። ግጥሙም አንዳንዴ ዝናብና ንፋስ ያበዛል። ደግሞ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የድሮውን ዓይነት ጊታር ቢለቅብን ምን ነበረበት? ይሄ የኔ የልጅነት ጥጋብ ነው መሰለኝ፣ አልተወኝም።

ቅድም፣ አልበሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ ለሽማግሌው መልእክት ላክሁለት። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከተደዋወልን ደግሞ ከዓመት በላይ። ስለ ልጅቷ አያውቅም። «ያን ሲዲ አሁን ገና ሰማሁት። ልክ ነበርክ» ብቻ ነው ያልኩት። ጠዋት ያየዋል ብዬ ስልኩን ላስቀምጥ ስል ነዘረ። ለካ የማታ ፈረቃ ከሰው አይለቅም።

«ልጅ ወለድክ እንዴ?» ይላል።