«እጁን አልሰጠም» ብዬ የተሳሳትኩበት ግምገማ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2002 በፊላደልፊያ፣ መርፊ በተባለ የመዝናኛ ማዕከል የተካሄደውን ሪንግ ኦፍ ኦነር የተባለውን የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት የመጀመሪያ ትርኢት ግጥሚያ በግጥሚያ ገምግሜ በአማርኛ ለመጻፍ ስነሣ፣ ሥራው የአንድ ምሽት መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ አብዛኛውም ጊዜ ያለቀው የጻፍኩትን በመሰረዝ ነው።

ረቂቁን መጀመሪያ ያነበበው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት እየወሰደ ሬስሊንግ ያስለመደኝም እሱ ነው። ሎው ኪ፣ ክሪስቶፈር ዳንኤልስና ብራያን ዳንኤልሰን ስለተፋለሙበት የመዝጊያው የሦስትዮሽ ግጥሚያ «ዳንኤልስ ግን እጁን አልሰጠም» ብዬ ጽፌ ስለነበር፣ እዚያ ሲደርስ ቀና ብሎ «ታዲያ አሸነፈ በለኛ!» አለኝ። ያሸነፈው ሎው ኪ ነበር። በዚህ ድርጅት ተጋጣሚዎች ከግጥሚያ በፊትም በኋላም እንዲጨባበጡ ደንብ ወጥቶ ሳለ፣ ክሪስቶፈር ዳንኤልስ በዚያው በመጀመሪያው ምሽት አልጨብጥም ማለቱን ነበር ልናገር የፈለግኩት፤ በአማርኛችን ግን እጁን ያልሰጠ ሰው ያልተሸነፈ ሰው ነው። «ጣለው» የሚለውም ቃል እንዲሁ አስቸገረኝ፤ በእኛ ትግል የጣለ አሸነፈ ሲባል፣ በሬስሊንግ ግን ሃያ ጊዜ የወደቀው ሰው በመጨረሻ ሊያሸንፍ ይችላል። ስለዚህ አሸናፊው ተጋጣሚውን በጀርባው አስተኝቶ ሲያሸንፍ «ትከሻውን አስይዞ ሦስት አስቆጠረ»፣ እጅ ወይም እግር ጠምዝዞ ሲያሸንፍ «እጅ አሰጠው»፣ ሰላምታ ለከለከለው ደግሞ «ሳይጨብጥ ሄደ» እያልኩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አረምኩ። ብራያን ዳንኤልሰንና ዳንኤልስ በአንድ አንቀጽ ሲገናኙ አንባቢ ማን ማንን እንደመታ ስለሚጠፋው፣ የመጀመሪያውን በዚያን ጊዜ በሚታወቅበት «አሜሪካን ድራጎን» በሚለው ስም ብቻ ጠራሁት።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ የከበደ ነበር፤ ኋላ የሆነውን እያወቅሁ ያየሁት ግጥሚያ ሁሉ ትንቢት መሰለኝ። ጄይ ብሪስኮ በዚያ ምሽት በአሜዚንግ ሬድ የተሸነፈ የ18 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በመኪና አደጋ መሞቱን ስለማውቅ የጻፍኩት ነገር ግምገማነቱ ቀርቶ ሙሾ ሆኖ አረፈ። ታናሽ ወንድሙ ማርክ ገና 18 ዓመት ስላልሞላው በፔንሲልቬኒያ ሕግ መጋጠም አለመቻሉ እንኳ ለግምገማው የሚጠቅም ነገር ሆኖ ሳለ፣ በለቅሶዬ መካከል ረስቼው ነበር። ያንን ሁሉ ሰርዤ ግጥሚያውን ደግሜ ሳየው፣ የሬድ ፍጥነት አስደናቂ ቢሆንም አንዱ ምት ሌላውን ሳያስከትል የሚያልፍበት ቦታ እንዳለ አስተዋልኩ።

የኤዲ ጌሬሮና የሱፐር ክሬዚ ግጥሚያም በስም ብዛት አታሎኛል። ጌሬሮ በ2001 መጨረሻ ከትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት ከደብሊውደብሊውኤፍ (የዛሬው ደብሊውደብሊውኢ) ተሰናብቶ በየትንንሹ አዳራሽ ይጋጠም ነበር፤ ከዚያ ምሽት ሁለት ዓመት ገደማ በኋላም የዚያው ድርጅት ሻምፒዮን ሆነ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቼው ነበር፤ በሁለተኛው እይታ ወደ ሦስት ተኩል አወረድኩት። ሁለቱ የሜክሲኮን ስልት የተካኑ በመሆናቸው አያያዛቸው ያማረ ነው፤ ሆኖም የቸኮለም የተጨነቀም ሰው አይታይበትም። ያሸነፈው ሱፐር ክሬዚ ነው።

ስለ መክፈቻው የጥንዶች ግጥሚያ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቀልዱ ዛሬ አያስቅም።

ለመዝጊያው ግጥሚያ ግን ሁለት ገጽ ሰጠሁ። በምሽቱ ትልቁ ስም ጌሬሮ ሆኖ ሳለ መዝጊያው ለእነዚህ ሦስት ሰዎች መሰጠቱ ድርጅቱ ምን ሊሸጥ እንዳሰበ ያሳያል። ኢሲደብሊው የተባለው የሬስሊንግ ድርጅት በ2001 ከከሰረ በኋላ የሬስሊንግ ካሴት የሚሸጡ ሰዎች አዲስ ዕቃ ስላስፈለጋቸው ነበር ይህን ድርጅት ያቋቋሙት፤ ትርኢቱም የተቀረጸው ለቴሌቪዥን ሳይሆን ለካሴት ነው። ማስታወቂያ ስለማያቋርጠው ሎው ኪ ድራጎንን በእርግጫ ሲመታ፣ ድራጎንም ክንዱን ሲጠመዝዝ፣ ሕመሙ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳሉ። በቴሌቪዥን የለመድኩትን ጥድፊያ መለኪያ አድርጌ በመጀመሪያው እይታ «ቀርፋፋ» ብዬው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግጥሚያ ከመመዘኔ በፊት ለማን ተብሎ እንደተቀረጸ እጠይቃለሁ። ለሃያ ደቂቃ ገደማ ከዘለቀው ከዚህ ግጥሚያ አንዲት ደቂቃ ብትቀነስ ቅር ይለኛል።

ወንድሜ የታረመውን አንብቦ ሲጨርስ «ይኼ ያልጨበጠው ሰውዬ ኋላስ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመዝጊያው ሦስት ሰዎች በዚያው ዓመት ማርች 30 ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደገና እንደተጋጠሙ ነገርኩት፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አልነገርኩትም።